ለሳነቲ ሌሊት ሌንስ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። እንጦጦ ወጥተሽ ሌሊቱን ታይምላፕስ፣ ማለትም በተርታ ተነስተው ቪዲዮ የሚሆኑ ፎቶዎች፣ ቀረፅሽ፤ ሰማዩ የቀጠነ ሻይ መስሎ ወጣብሽ፣ ቪዲዮውም ሊቃጠል እንደደረሰ አምፖል ይርገበገባል። አሁን ለገና ወደ ባሌ ልትሄጂ ነው፤ ከዚያ በፊት ባጠራቀምሽው ብር «የብርሃን ብክለት ፊልተር» ልግዛ ወይስ ሰፊ ሌንስ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ በሙሉ በሌንስ ነው የተከራከሩት። እኔ ሁለቱንም አትግዢ ባይ ነኝ። ብሩ ለመኪና ኪራይና ለሁለት ተጨማሪ አዳር ይሁንሽ።

ባሌ ተራሮች ላይ ያለው የሳነቲ አምባ ላይ ሰባት ሌሊት አድሬያለሁ፤ ለሰው የማሳየው ቪዲዮ ያገኘሁት ግን ከሦስቱ ብቻ ነው። አራቱን ያበላሸብኝ ካሜራው አልነበረም። አንዱን ጨረቃ፣ አንዱን ጤዛ፣ አንዱን የገዛ ጣቴ፣ አንዱን ደግሞ ደግ ሾፌር ነው ያበላሸው።

ከቀኑ ልጀምር፤ ትልቁ ስህተትሽ እዚያ ላይ ነው ያለው። በፎቶ አይተሽ የጓጓሽላት ያቺ ደማቅና ወፍራም የፍኖተ ሐሊብ ክፍል፣ የጋላክሲያችን እምብርት ያለችበት ማለቴ ነው፣ በገና ሰሞን ሌሊት ላይ የለችም። በዚያ ወቅት ፀሐይ እሷ ባለችበት አቅጣጫ ስለምትገኝ አብረው ወጥተው አብረው ይጠልቃሉ። የፈለግሽውን ሌንስ ብትገዢ ታኅሣሥ 29 ሌሊት አታገኛትም። የውጭዎቹ መመሪያዎች «ምርጡ ጊዜ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው» ይላሉ፤ ለእነሱ እውነት ነው፣ በጋቸው ነው። እኛ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፤ ባሌ ላይ ደግሞ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይጎተታል። ሰማዩ በደንብ የሚከፈትልን ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። እምብርቷ የምትታይበትን ጊዜና ደመና የማይኖርበትን ጊዜ ጎን ለጎን ስታስቀምጪ የሚገጥምልሽ አንድ ወር ነው፦ የካቲት፣ ከንጋት በፊት።

በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ በደቡብ ምሥራቅ ብቅ ትላለች፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ መንጣት ይጀምራል። በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመች ስለምትወጣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ታተርፊያለሽ፤ ለዓድዋ በዓል ከሄድሽ 8 ሰዓት ገደማ ላይ ታገኛታለሽ። በጥቅምት አጋማሽም ልክ እንደመሸ በደቡብ ምዕራብ በኩል ለሁለት ሰዓት ያህል ትቆያለች፤ ያኔ አየሩ ከዝናብ የታጠበ ስለሚሆን ቀለሙ ልዩ ነው፤ ደመና ካልመጣ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይመጣል።

ዕረፍትሽ የግድ በገና ከሆነ ሂጂ፣ አትቅሪ። የምታገኚው ሰማይ ሌላ ነው እንጂ ባዶ አይደለም። ኦሪዮን ከአናትሽ በላይ ይሆናል፣ ሰባቱ ከዋክብት ተሰብስበው ይታያሉ፣ ሲሪየስና ካኖፐስ የተባሉት ሁለቱ የሰማይ ደማቅ ኮከቦች በደቡብ አንድ ላይ ይቆማሉ። ካኖፐስን አብዛኛው የአውሮፓ ሰው ከአገሩ ሆኖ አያየውም። እኔ የመጀመሪያዋ ሌሊቴ ላይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ደብዘዝ ያለች ነጭ ነጠብጣብ ፎቶው ላይ አየሁ። የጣት አሻራ መስሎኝ ሌንሱን ጠረግኩ። አልጠፋችም። ደመና ነች አልኩና ጠበቅኩ፤ ከኮከቦቹ ጋር አብራ ትሄዳለች እንጂ አትበተንም። በኋላ ሳጣራ ለካ ማጄላን ደመና የሚሏት፣ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቅ ጎረቤት ጋላክሲ ነች። እንጦጦ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ በእሷ አቅጣጫ ካሜራ ደግኜ እንዳላየኋት አሁንም ይገርመኛል።

ያቺ የመጀመሪያ ሌሊት ናት ታዲያ በጨረቃ የተበላሸችው። ማጄላን ደመናን ያየሁት ጨረቃ እስክትወጣ በነበረችው አንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አምባው እንደ ቀን በራ። የመጣሁት የሥራ ፈቃድ ባገኘሁበት ቀን እንጂ ሰማዩ በፈቀደው ቀን አልነበረም። ሪራ የምትባለው መንደር ላይ ሻይ ስጠጣ አንድ ሽማግሌ በዚህ ስቀውብኝ ሲያበቁ ዛሬም የምጠቀምበትን ዘዴ ነገሩኝ፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሂጅራ ካላንደር እይ። የሂጅራ ወር በጨረቃ ስለሚሄድ ቀኑ ራሱ የጨረቃዋ ዕድሜ ነው። 14 እና 15 ከሆነ ተኚ። ለንጋት ቀረጻ ከ1 እስከ 9 ያለው ይመረጣል፤ ለጋዋ ጨረቃ ማታውን ታይታ አንቺ ካሜራሽን ሳታነሺ ትጠልቃለች። ወሩ ሲጋመስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጨረቃዋ አምሽታ ወጥታ ንጋቱን ሁሉ ትይዘዋለች። ጎባም ሆነ ሮቤ የገባሽበት ሱቅ ሁሉ ይህ ካላንደር አለ፤ ኔትወርክም አይፈልግም።

አሁን ወደ ሻዩ ሰማይ እንምጣ። እንጦጦ ከፍታው ሞኝ ያደርጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነሽ፣ አየሩ ቀዝቃዛና ስስ ነው፣ እዚያው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ኦብዘርቫቶሪም አለ፤ ሰማዩ ጥሩ ባይሆን እዚህ ይሠሩት ነበር ወይ ትያለሽ። ችግሩ ከተማው ወደ ተራራው እየወጣ መምጣቱ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ አቅጣጫው ነው፦ እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ነው፣ ፍኖተ ሐሊብ ደግሞ በደቡብ ናት። እሷን ፍለጋ ስትዞሪ የምታይው በከተማው አናት ላይ ነው፤ በመስተዋት ፊት ፓውዛ አብርቶ በመስተዋቱ አሻግሮ እንደማየት ነው። ጀርባሽን ለከተማው ሰጥተሽ ወደ ሰሜን ብትቀርፂ እዚያው ቦታ ላይ በግማሽ የተሻለ ሰማይ ታገኚ ነበር፤ ግን የፈለግሽው ነገር እዚያ የለም።

ፊልተሩን ለምን አትግዢ እንዳልኩ ላስረዳ። ያ ፊልተር የተሠራው ለድሮው የሶዲየም መብራት ነው፤ ያ ብርቱካንማው የመንገድ መብራት ትዝ ይልሻል። የሶዲየም ብርሃን አብዛኛው በ589 ናኖሜትር አካባቢ ባለች ጠባብ የቀለም ክፍል ላይ የተከማቸ ስለሆነ፣ እሷን ብቻ ቆርጦ ማስቀረት ይቻል ነበር። አሁን አዲስ አበባ ወደ ነጭ ኤልኢዲ ዞራለች፤ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህማ መንገዱም ዛፉም ሕንፃውም በራ። ነጭ ኤልኢዲ ሁሉንም ቀለም ይረጫል፤ እሱን የሚቆርጥ ፊልተር ኮከቡንም አብሮ ይቆርጠዋል። በዚያ ላይ ሰማያዊ ድርሻው ብዙ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ አየር ላይ ከቀዩ ይበልጥ ይበተናል፤ ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሆነበት ምክንያት ሌሊት ከተማው ላይ ይሠራል ማለት ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ አቧራውና የማሳ ጭሱ ሲጨመርበት የከተማው የብርሃን ጉልላት ከፍ ይላል፤ አንቺ ያየሽው የሻይ ቀለም ከዚህ ሁሉ ቅልቅል የመጣ ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን፦ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የብርሃን ብክለት ካርታ ለቦታ መረጣ ተጠቀሚበት፣ ግን አትመኚው። ብዙዎቹ ካርታዎች የሚሠሩት ቪርስ ከተባለው የሳተላይት መሣሪያ ሲሆን እሱ ከ500 ናኖሜትር በታች ያለውን ሰማያዊ ብርሃን አያይም። አንድ ከተማ መብራቱን ከብርቱካን ወደ ነጭ ሲቀይር ካርታው ላይ ብዙም ያልተለወጠ፣ እንዲያውም የቀነሰ ሊመስል ይችላል፤ መሬት ላይ የቆመ ሰው ዓይን ግን የሚያየው ሌላ ነው።

እና ሳነቲ ለምን? ከፍታው 4,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አቀማመጡ የእንጦጦ ግልባጭ ስለሆነ ነው። ትልልቆቹ ከተሞች፣ ሮቤና ጎባ፣ በሰሜን ከጀርባሽ ይቀራሉ፤ ፊትሽ ደቡብ ነው፣ ከአምባው ጠርዝ በታች ሀረና ደን ተዘርግቷል፣ ከእሱ ወዲያ የደሎ መና ቆላ ነው። እምብርቷ ከፍ ስትል ከደቡብ አድማስ 54 ዲግሪ ያህል ትደርሳለች፤ ከሥሯ ያለው ጥቁር ነው። መኪና እስከ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ባትሪና ብርድ ልብስ በበቅሎ መጫን አያስፈልግም። እኔ የምመርጠው ወደ ሀረና ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን የደቡብ ጫፍ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ስለሆነ ሁሉም እዚያ መውጣት ይፈልጋል፤ ነፋሱ ግን ትራይፖድ አያስቆምም፣ አናቱ ላይም ምሰሶ አለ። ቁመቱን ለፌስቡክ ፎቶ ተዪው።

ጨለማ መሆኑን በዓይንሽ ብቻ አትፍረጂ። አንድ ፎቶ በ20 ሰከንድ፣ ኤፍ 3.5፣ አይኤስኦ 3200 አንሺና ሂስቶግራሙን፣ የፎቶውን ጨለማ በግራ ብርሃኑን በቀኝ አድርጎ በጉብታ የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዪ። እንጦጦ ላይ ያነሳሽው ጉብታው መሀል ላይ ወይም ከዚያ ወደ ቀኝ ይሆናል፤ ሳነቲ ላይ ወደ ግራው ግድግዳ ተጠግቶ ታገኚዋለሽ። በየካቲት አድማሱ ላይ ቀይ ፍካት ካየሽ ወዲያው ከተማ ነው አትበይ፤ እረኞች አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ የሚያቃጥሉበት ወቅት ነው። እኔ አንዱን እሳት ከተማ ነው ብዬ ካሜራዬን አዞርኩ፤ ሲነጋ ጭሱን አየሁት። ሳላዞር ብቀር ኖሮ ከቪዲዮዎቼ ሁሉ የተሻለው እሱ ይሆን ነበር።

ደጉ ሾፌር ደግሞ እንዲህ ነው። ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ያህል ገባ ብዬ ሁለት ሰዓት ቀርጬ፣ ከደሎ መና በኩል አንድ የጭነት መኪና ሽቅብ መጣ። አልፎ ይሄዳል ስል ቆመ። ረጅም መብራቱን እኛ ላይ እንዳበራ ወርዶ «ተበላሽታችሁ ነው?» አለ። አልተበላሸንም አልነው። አላመነም። ሞተራችንን ሊያይልን ነው፣ ውኃ ሊሰጠን ነው፣ በዚህ ብርድ ምን ትሠራላችሁ ብሎ ሊመክረን ነው፤ ሃያ ደቂቃ ቆየ፣ መብራቱም እንደበራ። እንዲህ ያለውን ሰው አጥፋ ብሎ መቆጣት አይቻልም። ከዚያ በኋላ የምተክለው ከመንገዱ በጉብታ ተከልዬ ነው፤ መኪናውንም አርቄ አቆማለሁ። ሌሊት ስትነጂ ደግሞ ቀስ በይ፤ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው እዚሁ ባሌ ነው፣ መንገዱን ደግሞ ያቋርጣል። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመዘገቢ የሌሊት ቀረጻ እንዳለሽ ተናገሪ፤ ጠባቂዎቹ ድንገት መብራት ሲያዩ እንዳይደናገጡ።

መርገብገቡ ቀላል ነው፤ ሁሉንም ከአውቶማቲክ አውጪ። አይኤስኦው፣ ሸተሩ፣ ነጭ ሚዛኑ በየፍሬሙ ራሱ እየወሰነ ከሆነ አንዱ ፎቶ ከሌላው ይለያያል፤ ሲደረደር ይርገበገባል። ነጭ ሚዛኑን 4,000 ኬልቪን አካባቢ አስሪው። አንድ የማይነገር ምክንያት አለ፦ ሌንሱን በግማሽ ዘግተሽ ከቀረፅሽ የአፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ቅጠሎች በየፎቶው ተዘግተው ሲከፈቱ ልክ አንድ ቦታ ላይ አይቆሙም፣ በትንሹ ይሳሳታሉ። ሙሉ በሙሉ ክፍት ካደረግሽው የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አንቺ ያለሽ ከ18 እስከ 55 የሆነው ሌንስ በ18 ላይ ኤፍ 3.5 ይከፈታል፤ እሱ ይበቃል። ኮከቡ ሳይጎተት ሸተሩ ስንት ሰከንድ ክፍት መቆየት እንደሚችል የሚነግረውን የ500ውን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ የሌንሱን 18 በካሜራሽ ሴንሰር 1.5 አባዝተሽ 500ን ለዚያ ስታካፍይው 18 ሰከንድ ተኩል ይመጣል። እኔ 20 ላይ አደርገዋለሁ፤ ቪዲዮ ሲሆን ፎቶው ስለሚያንስ ያቺን ትንሽ መጎተት ማንም አያያትም። ሮው (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠውን ፋይል) ቅረፂ፣ የረጅም ሸተር ኖይዝ ማጥፊያውን ዝጊው፤ እሱ ካለ ካሜራው ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ሌላ 20 ሰከንድ ይቆማል፣ ኮከቦቹ ቪዲዮው ላይ ይዘልላሉ።

ሂሳቡን ቀድመሽ እወቂው፦ በ25 ፍሬም የ10 ሰከንድ ቪዲዮ 250 ፎቶ ነው። ካሜራው እስኪያስቀምጥ 3 ሰከንድ ሰጥተሽ በየ23 ሰከንዱ ካነሳሽ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጃል። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለውን ሙሉ ብትጠቀሚው የምታገኚው ወደ 15 ሰከንድ ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ሦስት ቦታ እዞራለሁ የሚል ዕቅድ ይዘሽ አትውጪ፤ አንድ ቦታ፣ አንድ አቅጣጫ። ሲነጋም በዚያው ሴቲንግ አትቀጥዪ፣ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፤ አቁሚና ንጋቱን ለብቻው ጀምሪው። ሮው ፎቶዎቹን ወደ ጄፔግ ቀይረሽ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው ነፃ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ውስጥ በተርታ ስታስገቢያቸው ራሱ እንደ ቪዲዮ ያነባቸዋል።

ፊት ለፊት ምን ላስቀምጥ ካልሽ ጅብራ። ቀን ላይ መርጠሽ ምልክት አድርጊ፤ በጨለማ ፍለጋ አይሆንም። ሌሊት ቅጠሏን ሰብስባ ትቆማለች። በባትሪ አታብሪባት፤ የኮከቡ ብርሃን ጥላዋን ያወጣዋል፣ ያ ይበቃል። ወደ ምሥራቅ ከዞርሽ ደግሞ ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኮከቦቹ እንደ ሊፍት ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ የፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ እንደሚታየው አጋድለው አይደለም። ሰሜን ኮከብ ግን ከአድማስ 7 ዲግሪ ብቻ ስለሆነች ሙሉ ክብ የሚሠራውን የኮከብ ዱካ እዚህ አትመኚው፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ነው።

ፎከስ ላይ የጣቴ ታሪክ አለ። ስክሪኑን አጉልተሽ ሲሪየስን ነጥብ እስክትሆን አስተካክይ፤ ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፊው። እኔ ሳልለጥፍ ካልሲ ሌንሱ ላይ ላጠልቅ ስል ነካሁት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳቦ የሚያካክሉ ኮከቦች ቀረፅኩ። ካልሲው ምንድን ነው ብትይ፣ ሌንሱን ከጤዛ የሚጠብቅ ማሞቂያ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ በዩኤስቢ የሚሞቅ መጠቅለያ አለ፣ እሱ ከሌለ እጅ ማሞቂያ ከረጢት ካልሲ ውስጥ አድርገሽ ሌንሱ ላይ ታጠልቂዋለሽ። በበጋ ሌሊት ሳነቲ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሌንሱ ላይ ጤዛ ያርፍና ውርጭ ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ሆነሽ አታይውም። ሦስተኛዋ ሌሊቴ እንደዚያ ነው ወተት የሆነችው። ባትሪም በብርድ ቶሎ ይሞታል፤ ፓወር ባንኩን በጋቢ ጠቅልለሽ ከካሜራው ጋር አገናኚው፣ ትርፉን ባትሪ ኪስሽ ውስጥ ያዢ። ትራይፖዱ ላይ ድንጋይ የሞላ ቦርሳ አንጠልጥዪ። ለራስሽም አስቢ፤ 4,000 ሜትር ላይ የምትተነፍሺው ኦክሲጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 60 በመቶ ያህል ነው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ እደሪ፣ ራስሽን ከፈለጠሽ ውረጂ።

በመጨረሻ ማረፊያ። አንድ ጊዜ ያረፍኩበት ግቢ ሌሊቱን ሙሉ አራት ፓውዛ ወደ ሰማይ ያበራ ነበር። ጥበቃውን አባቴ አንድ ሰዓት ብቻ ያጥፉልኝ አልኳቸው፤ «ጅብ ይገባል» አሉ። በማግስቱ ከቆርቆሮ ቁራጭ ባርኔጣ ነገር ሠርቼ አንዱ ላይ አደረግሁላቸው፤ ብርሃኑ በሙሉ መሬቱ ላይ ወደቀ፣ አጥሩ ከበፊቱ ይበልጥ ታየ፤ ሦስቱን ራሳቸው ሠሩት። ቁራጭ ቆርቆሮና ሽቦ ይዘሽ ሂጂ ማለቴ አይደለም፣ ግን መኪናው ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

ሰፊ ሌንስ የግድ ነው ካልሽ የእኔ 14 ሚሊ ሜትር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ከካሜራሽ ጋር ከገጠመ ላውስሽ። የምትሄጂበትን ቀን ግን ቀድመሽ በሂጅራ ንገሪኝ፤ 15 ከሆነ አላውስሽም።